ለአንዲት እስስት ብዬ ጅማን ዞርኩ

ሐምሌን ጅማ ከርሜ መመለሴ ነው። ስለ በረራና ስለ ሆቴል የሚጽፍ ሞልቷል፣ እኔ ቶሎ ልለፈው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። ሆቴሉ ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውሃው ግን ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ስለ ቡናው አልናገርም፣ ጅማ ነው።

መጻፍ የፈለግኩት ስለ እህቴ ልጅ እስስት ነው። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው። ጓሮ ካለው የቡና ዛፍ ላይ ያገኛት ግልገል ናት፣ ከነጭራዋ አመልካች ጣቴን አታክልም። የማር ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ መስኮት ላይ አስቀምጧታል። እኔ ስደርስ አራት ቀን አልበላችም። ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ቀለሟ ጠቁሯል። "አጎቴ፣ አሜሪካ እንሽላሊት አላችሁ አይደል?" አለኝ። እውነት ነው፣ ልጄ አንድ የአውስትራሊያ እንሽላሊት አላት። በዚህ የተነሳ ቤቱ ውስጥ ሊቅ ተደረግሁ።

መጀመሪያ የሄድነው አንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ነው፣ ስሙን አልጠራም። ሰውየው ጠርሙሱን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ የዶሮ ቫይታሚን ሸጠልኝ። "አፏን ከፍተህ በሲሪንጅ ጋታት" አለኝ። ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ከኮከብ አንድም አልሰጠውም።

የባጃጁ ሾፌር ግን አምስት ኮከብ ይገባዋል። ጠርሙሱን ሲያይ ፍሬን ያዘ። "ጋሼ፣ ፊቷን ወደ እኔ እንዳታዞራት!" አለ። ትንሽ ከሄድን በኋላ አሳዘነችው መሰለኝ፣ "ላማችንን ያዳነ ዶክተር አለ፣ እሱ ጋ ልውሰዳችሁ" አለ። ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀን፣ ለመጠበቂያም ሳንቲም አልጨመረም።

ዶክተሩ እርሻ ኮሌጅ የተማረ ነው። እኛ እርሻ ኮሌጅ ስንለው ያደግነው፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው ማለቴ ነው፣ ዛሬ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስር ያለው። ላም አዋልዶ መመለሱ ነበር፣ ቦቲውን እንኳ አላወለቀም። "እኔ የማክመው ከብት ነው፣ እስስት አክሜ አላውቅም" አለ። ወዲያው ወደድኩት። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጥያቄ ጀመረ። የት ነው የምታድረው? ምን ጠጣች? ኩሷ ምን ይመስላል? ልጁ ጠርሙሱ ስር ያለውን አሳየው። ነጭ መሆን የነበረበት ቢጫ ሆኗል። "ውሃ ጠምቷታል" አለ።

የቀረውን ለልጁ ነበር የሚያስረዳው። እስስት ሙቀቷን የምታገኘው ከውጭ ነው። በክረምት ብርድ ጠርሙስ ውስጥ ከተቀመጠች የበላችውን መፍጨት አትችልም፣ ስለዚህ አትበላም። ፀሐይ በመስታወት ቢገባም ለአጥንቷ የሚጠቅመው ጨረር መስታወቱ ላይ ይቀራል። ውሃ በሳህን ቢቀርብላት አታየውም፣ ከቅጠል ላይ ጠብታ ነው የምትልሰው። የራሷ ምስል ጠርሙሱ ላይ ሲታያት ደግሞ ሌላ እስስት የመጣባት ይመስላታል። በሲሪንጅ ስለመጋት ስጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። "ወደ ሳንባዋ ቢገባ ትሞታለች። ዛሬ መድኃኒት አልሰጥህም፣ ዛፏ ላይ መልሷት።" ገንዘብ ሳወጣ እጄን መለሰው።

ልጁ አለቀሰ። ተደራደርን። እስክትድን ድረስ ያቺው ቡና ላይ ትሁን፣ አጎበር እናልብሳት። እዚያው ጅማ መርካቶ ሄጄ አንድ አናጺ ደግሞ የሽቦ ወንፊት ያለው ሳጥን አዘዝኩ። "ነገ ጠዋት" አለኝ። የጅማ ሰው የበርጩማ ሥራ እጅ አለው፣ ቀጠሮ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የውሃ መርጫውን ከሰፈር ጸጉር ቤት ተዋስኩ። ጉልት ላይ ሙዝ ስጠይቅ "ይሄ ይሻልሃል" ብላ ደህናውን አነሳችልኝ። እኔ የፈለግኩት የበሰበሰውን ነው አልኳት። ሴትየዋ ጎረቤቷን ጠርታ ሳቀችብኝ። አጎበሩ ውስጥ ስንሰቅለው በማግስቱ ትንንሾቹ ዝንቦች እንደ አሸን ፈሉ። ለግልገል የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው። በሁለት ዓይኖቿ መሃል ካለው ስፋት የሚበልጥ ነገር ለእሷ ትልቅ ጉርሻ ነው።

ጠዋት ጠዋት ዝናቡ ሳይመጣ ፀሐይ ትወጣለች። ቅጠሉን ስንረጭ መጀመሪያ ጠብታውን በአንድ ዓይኗ አየችው፣ ከዚያ ላሰች። ዝንብ ግን አልነካችም። ሁለተኛ ቀንም አልነካችም። ልጁ ሊነካካት ሲል እጁን እየያዝኩ ነው የዋልነው። በሦስተኛው ቀን አንዱ ዓይኗ ወደ እኔ፣ ሌላው ወደ ሰማይ ሲዞር ቆየና ሁለቱም ድንገት ሙዙ ላይ ቆሙ። ምላሷን አላየሁትም፣ ዝንቡ ብቻ የለም። "በላች!" ብሎ ሲጮህ እህቴ ማማሰያ እንደያዘች ከማድ ቤት ሮጣ ወጣች።

ልጁ ለልጄ ይዤላት እንድሄድ ለመነኝ። እስስትን ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር ክልክል ነው አልኩት፣ አኮረፈ። በሳምንቱ አጎበሩን አነሳን። ለሁለት ቀን እዚያው ቡና ላይ ታየች፣ ከዚያ ቅጠሉ ይሁን እሷ መለየት አቃተን።

አናጺው ሳጥኑን ያመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሥራው ቆንጆ ነው፣ አንድ ሚስማር አልጎረበጠም። ሦስት ኮከብ። አሁን የእህቴ ጫጩቶች ያድሩበታል።