የሚሞቀው ወንበር ለምን ራሱን ያጠፋል? የ9 ወር ልምዴ ከጅማ

መኪናዋን የገዛሁት በሰኔ ነው። ወንበሯ ይሞቃልም ይቀዘቅዛልም ሲሉኝ ቁብ አልሰጠሁትም ነበር። የጅማን ክረምት ረስቼው ነው። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሮ፣ ጠዋት መጀመሪያ የምጫነው ቁልፍ እሱ ሆነ። እማዬ ወገቧን ያማታል። ለክትትል ሆስፒታል ስወስዳት ሙቀቱ በጣም ያፍታታታል።

ነሐሴ ላይ የእሷ ወንበር አስቸገረ። በርቶ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ይጠፋል። አበራዋለሁ፣ ይጠፋል። የእኔው ደህና ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ ጋ ወሰድኳት። ትንሽ ነካካና «ሴንሰሩ ነው፣ ዳይሬክት ላድርግልህ» አለኝ። ሴንሰሩን ዘሎ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ከወንበሩ ማሞቂያ ጋር ላገናኘው ማለቱ ነው።

እንኳን እሺ አላልኩ! ወንበሩ ውስጥ ያለው እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ የሚግል ሽቦ ነው። ምጣዱን ጋጋሪዋ ቆማ ትጠብቀዋለች። ወንበሩን የሚጠብቀው ቴርሚስተር የሚባል፣ ሙቀት የሚለካ ትንሽ ሴንሰር ነው። ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይቀንሳል። መቆጣጠሪያው ያንን እያነበበ ኃይል ይቆርጣል፣ ይመልሳል። የሴንሰሩ ሽቦ ቢበጠስ ንባቡ ወንበሩ በረዶ የሆነ ያስመስለዋል። በደንብ የተሠራ መቆጣጠሪያ ግን አይሸወድም፣ ብልሽት ነው ብሎ ያጠፋዋል። ዳይሬክት ሲደረግ ይሄ ሁሉ ይቀራል። «ፊውዝ አለው አይደል?» የሚለኝ ሰው አለ። ፊውዝ የሚያየው ያለልክ የሚያልፍ ኤሌክትሪክን ነው። ሙቀት አያይም።

እማዬ ደግሞ ስኳር አለባት። እግሯ እንደ ድሮው አይሰማትም። ቆዳ 44 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 6 ሰዓት ያህል ከቆየ ሊቃጠል ይችላል። ሙቀቱ ከጨመረ ጊዜው በጣም ያጥራል። ከጅማ አዲስ አበባ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወንበሩ ላይ ብዙ ሰዓት መቀመጥ አለ። እሷ «ኧረ ደስ ይላል» እያለች ልትቃጠል ትችል ነበር። ይሄን ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል።

ለካ ምክንያቱ አጎዛ ነው! ክረምቱ ሲገባ እንዲመቻት ወንበሩ ላይ አንጥፌላት ነበር። ሙቀቱ ወደ ላይ መውጫ አጣ። ሴንሰሩ ጋ ታፍኖ ቀረ፣ እሱም አጠፋው። አጎዛውን ካነሳሁ ወዲህ አንድም ቀን አስቸግሮ አያውቅም።

ስለ ማቀዝቀዣው አጭር ልበል። የእኔ መኪና ያላት በቆዳው ቀዳዳዎች አየር የሚያመላልስ ፋን ነው። ከመኪናው አየር በታች አያቀዘቅዝም። ባለፈው ሳምንት ጊቤ በረሃን ስንሻገር ግን ጀርባዬ ላብ አልያዘውም። አንዴ ከወንበሩ ስር ፌስታል ገብቶ ፋኑን ዘጋው፣ አውጥቼው ተስተካከለ። አንዳንድ መኪና ግን በትክክል የሚያቀዝቅዝ አለው፣ ፔልቲየር የሚባል ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1834 እ.ኤ.አ. ባገኘው መንገድ የሚሠራ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አንድ ፊቱ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይግላል። የጋለውን ፊት ፋን ካላበረደው ሙቀቱ ይመለሳል፣ ስለዚህ ሴንሰሩ ያጠፋዋል። እንዲህ ያለ መኪና ካላችሁ ከወንበር ስር የቡና ከረጢት አትጠቅጥቁ።

ቅሬታዬ አንድ ነው። ወንበሩ ሲጠፋ ስክሪኑ ላይ ምክንያቱን አይናገርም። «በጣም ሞቋል» ቢለኝ ኖሮ ሁለት ሳምንት አልጨነቅም ነበር።

አጎዛው አሁን ቤት፣ የእማዬ በርጩማ ላይ ነው።