«አሜሪካ ደረጃ ወጥቶለታል» ተብሎ በፕላስቲክ ለታሸገ ጠገራ ብር ገንዘባችሁን አትክፈሉ

ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ደብረ ሲናና መሐል ሜዳ ያላችሁ፣ አሮጌ ብርና ሳንቲም የምትሰበስቡም ሆነ ከወላጆቻችሁ የወረሳችሁ ሁሉ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሰሞኑን በአካባቢያችን አሮጌ ሳንቲም በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ አሽገው፣ ከላዩ ቁጥር ያለበት ወረቀት አድርገው የሚሸጡ ሰዎች ይዘዋወራሉ። «አሜሪካ ተመርምሮ ደረጃ ወጥቶለታል» በማለት ለአንድ ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ላለበት የድሮ የብር ሳንቲም፣ አንጥረኛ ዘንድ ከሚያወጣው ብዙ እጥፍ ይጠይቃሉ። እነዚሁ ሰዎች ከየቤቱ ደግሞ አሮጌ ብር ከነመላኪያው ገንዘብ እየተቀበሉ «ደረጃ አስወጥተን እንመልስላችኋለን» ይላሉ። የመጀመሪያው ገንዘብ ያስበላል፤ ሁለተኛው ገንዘብም ቅርስም ያስበላል።

ማታለያው የሚሠራው መነሻው እውነት ስለሆነ ነው። የሳንቲም ደረጃ የሚያወጡ ድርጅቶች በእርግጥ አሉ። በጣም የታወቁት የአሜሪካዎቹ ፒሲጂኤስ (PCGS) እና ኤንጂሲ (NGC) ሲሆኑ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1986፣ ሌላኛው በ1987 ሥራ ጀምረዋል። ከዚያ በፊት ሻጩ «ገና ያልተነካ» የሚለውን ሳንቲም ገዢው «ያለቀ» እያለ ይከራከሩ ነበር። ድርጅቶቹ ሳንቲሙን መርምረው እውነተኛነቱን ካረጋገጡ በኋላ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ቁጥር ይሰጡትና ያሽጉታል። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ያወጣውም ለአገሩ የድሮ የመዳብ ሳንቲሞች ነበር። ከ60 ጀምሮ ያለው ቁጥር በእጅ ላልዞረ፣ ገበያ ላልገባ ሳንቲም የተያዘ ነው።

ይህ አሠራር የሳንቲም ስብስብን ዓለም ለውጦታል። ሰዎች ሳንቲሙን ሳያዩ በቁጥሩ ብቻ መገበያየት ጀመሩ። ከ64 ወደ 65 ያለችው አንዲት ነጥብ ብቻ የአንዳንዱን ሳንቲም ዋጋ እጥፍ ድርብ ታደርገዋለች። ስለ ሳንቲም ምንም የማያውቁ ባለሀብቶችም በቁጥሩ ተማምነው ገቡበትና እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካ ገበያ ከልክ በላይ ናረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። ደግሞም ቁጥሩ የባለሙያ አስተያየት ነው። አንዱ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢላክ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዞ ሊመለስ ስለሚችል፣ የተሻለ ነጥብ ፍለጋ ፕላስቲኩን ሰብረው ደግመው የሚልኩ ነጋዴዎች አሉ። እውነተኛው እንኳ እንዲህ ነው። የሐሰተኛ እሽግ ነገር ደግሞ ድርጅቶቹ ራሳቸው በይፋ ያስጠነቀቁበት ጉዳይ ነው፤ ፕላስቲኩም፣ ወረቀቱም፣ ባርኮዱም ይቀዳል።

አንድ ጎረቤቴ ሊገዛ ያሰበውን እሽግ ሻጩን ይዞ መጥቶ አሳየኝ። ውስጡ ያለው ጠገራ ብር ነው። ሻጩ «ጋሼ፣ ይህ እኮ ተራ ጠገራ አይደለም፤ ስልሳ አምስት ያገኘ ነው» አለኝ። እሽጉን ወደ ብርሃን አዙሬ ስመለከተው ፕላስቲኩ በተገጠመበት መስመር ላይ የሙጫ ቅሪት ይታያል፤ የወረቀቱም ጽሑፍ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል። የንግሥቲቱ ጉንጭና የትከሻዋ ጌጥ ግን በልብስና በእጅ መፈተግ ብዛት ተልጠው ለስላሳ ሆነዋል። እንዲህ ያለቀ ብር ስልሳ አምስት ሊያገኝ አይችልም። በወረቀቱ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር በስልኬ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ሳስገባው የወጣው የአሜሪካ ዶላር ሳንቲም ነው! ሻጩ «ሲስተሙ ተሳስቶ ይሆናል» ብሎ እሽጉን ወደ ኪሱ መለሰ።

ይህን ማጣራት ማንም ሰው ስልክ ካለው በነጻ ሊያደርገው ይችላል። ሻጩ በሚሰጣችሁ ማስፈንጠሪያ ወይም ባርኮድ ግን አትግቡ፤ የድርጅቱን ስም ራሳችሁ ጽፋችሁ ፈልጉ። ቁጥሩ ከትክክለኛ ጠገራ ብር ላይ የተቀዳ ሊሆንም ስለሚችል ስሙ መግጠሙ ብቻውን አይበቃም። ፎቶግራፍ ካለው እያንዳንዷን ጭረትና ጥቁረት እጃችሁ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ።

ስለ ጠገራ ብር በተለይ ልናገር፤ አብዛኛው ማታለያ በእርሱ ላይ ነውና። «1780 ተብሎ ተጽፎበታል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል» ሲሏችሁ አትመኑ። 1780 ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። በቪየና ብቻ ሳይሆን በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይም ተመትቷል። ሙሶሊኒም አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመትቶታል። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ስለዚህ የተለየ ዓይነት ካልሆነ በስተቀር ዋጋው ከብርነቱ ብዙም አይርቅም፦ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ስለሆነ ንጹሕ ብሩ ከ23 ግራም ትንሽ ይበልጣል። ይህን በዕለቱ የብር ዋጋ አባዙትና ከተጠራባችሁ ዋጋ ጋር አስተያዩት።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ፕላስቲኩ የሚደብቀው ነገር ነው። ከአንኮበር ሥር አልዩ አምባ ገበያ ላይ ከሐረርና ከታጁራ ከሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጋር ሲገበያዩ የኖሩት አባቶቻችን ጠገራ ብር ዝም ብለው አይቀበሉም ነበር። በእጃቸው ይመዝኑታል፣ ድምፁን ያዳምጣሉ፣ የዘውዷን ሉልና የትከሻዋን ጌጥ አንድ በአንድ ያያሉ። በጠርዙ ዙሪያ ጎልቶ የወጣው የላቲን ጽሑፍም ዋና ምስክር ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ብር ጠርዙ ላይ ይደበዝዛል። እሽጉ ክብደቱንም፣ ድምፁንም፣ ጠርዙንም ይወስድባችኋል። በምትኩ የሚሰጣችሁ ቁጥር ብቻ ነው። ማግኔት በፕላስቲኩ ላይ ብታስጠጉና ሳንቲሙ ቢሳብ ሐሰተኛ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ባይሳብ ግን መዳብና ነሐስም ስለማይሳቡ ገና አልተረጋገጠም።

«ደረጃ አስወጥተን እንመልስላችኋለን» ወደሚለው ወደ ሁለተኛው ማታለያ ልምጣ። ድሪ ላይ የኖረ፣ የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ብር ቢላክም ቁጥር አያገኝም፤ ጉዳቱ ተጽፎበት ብቻ ይመለሳል። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና የተፈተገም እንደዚያው ነው። እባካችሁ እናቶችንና አባቶችን ንገሯቸው፦ አሮጌ ብር ሊሸጡ ሲሉ አያጥቡት። ክፍያው ደግሞ ለአንድ ሳንቲም በአሥራዎቹ ዶላር የሚቆጠር ስለሆነ፣ ማመላለሻው ሲታከልበት ለተራ ጠገራ አያዋጣም። ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ፣ ፓሪስ ላይ የተመታ የምኒልክ ብር ከሆነ ነገሩ ሊለይ ይችላል፤ አንጎለላ ለተወለዱት ንጉሥ ብር ለብቻው ዋጋ የሚሰጡ ሰብሳቢዎች አሉና። እንዲህ ያለውን ብር ለማታውቁት ሰው አሳልፋችሁ አትስጡ።

በተጨማሪም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ድርጅቶቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ቅርንጫፍ የላቸውም። ስለዚህ «እልክላችኋለሁ» የሚላችሁን ሰው ከቅርስ ባለሥልጣን ያገኘውን ፈቃድና የመላኪያ ሰነዱን ጠይቁት። ሊያሳያችሁ ካልቻለ ብሩ ከእጃችሁ አይውጣ።

አስቀድማችሁ የሰጣችሁ ካላችሁ፣ የብሩን ፎቶግራፍ፣ የላካችሁበትን የባንክ ደረሰኝና የተለዋወጣችሁትን መልእክት ሰብስባችሁ ዛሬ ነገ ሳትሉ ለፖሊስ አመልክቱ፤ የወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም እንዲያውቀው አድርጉ። ሰውየውን «ብሬን መልስ» እያላችሁ ብቻ አትጠብቁት፤ የሚዘዋወር ሰው ስለሆነ ስልኩን ዘግቶ ወደ ሌላ ከተማ ይሻገራል።