ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕና ጂቲኤክስ 1650፦ ለጌመር ይበቃል?

ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 እ.ኤ.አ. በ2017 ለቢሮ ሥራ የወጣ ዴስክቶፕ ነው። ዛሬ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ከሌሎች ጥቁር የኮምፒውተር ሳጥኖች ጋር ተደርድሮ ይገኛል፤ ገዢው ኤክሴልና ፊልም ብሎት ያልፋል። በሌላው ጫፍ የጌሙን ምስል የሚሠራው የኢንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ፣ አርቲኤክስ 5090 አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሲወጣ ካርዱ ብቻ 1,999 ዶላር ተተመነለት፣ ለብቻው እስከ 575 ዋት ይበላል፣ ኢንቪዲያም 1,000 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክርለታል። በሁለቱ መካከል ያለው ገንዘብ በእርግጥ የሚገዛው ምንድን ነው? እዚህ የምንገመግመው የመጀመሪያውን ነው፤ ኮር አይ5-7500 ያለው 7050፣ ጂቲኤክስ 1650 የሚባል የኢንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ተሰክቶበት፣ ሙሉ ኤችዲ ስክሪን ላይ። በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ለሚበቃው ሰው ይህ ማሽን ያጫውታል። የሚያስቸግረው አማካይ ፍሬሙ ማነሱ ሳይሆን መቆራረጡ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ በትንሽ ገንዘብ ይድናል።

ቁጥሮቹን እንያቸው። 30 ፍሬም በሰከንድ ማለት እያንዳንዱ ምስል 33.3 ሚሊሰከንድ ይቆያል ማለት ነው። 60 ላይ 16.7፣ 144 ላይ 6.9፣ 240 ላይ 4.2 ይሆናል። ስለዚህ ከ30 ወደ 60 መውጣት 16.7 ሚሊሰከንድ ያተርፋል፤ ዓይንም እጅም ወዲያው ያውቀዋል። ከ60 ወደ 144 ትርፉ 9.7 ነው፤ ካውንተር ስትራይክ 2 ወይም ቫሎራንት ለሚጫወት ይህ የሚሰማ ልዩነት ነው፣ ዒላማ ስትከተሉ ምስሉ አይጎተትም። ከ144 ወደ 240 ግን የቀረው 2.8 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ወጪው የሚወነጨፈው ደግሞ ልክ እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ዱባይ ሰርቨር ላይ ዶታ 2 የሚጫወት ሰው ፒንጉ (ከሰርቨሩ ጋር ደርሶ መልስ የሚፈጀው ጊዜ) 120 ሚሊሰከንድ ሆኖ ሲወዛወዝ ለ2.8 ሚሊሰከንድ ካርድ ቢቀይር ገንዘቡን ደጅ እንደበተነው ነው። መጀመሪያ ከዋይፋይ ወደ ኬብል ይሂድ።

አንዳንድ ጌም ደግሞ ከነጭራሹ ከ60 አያልፍም። ኤልደን ሪንግ ፒሲ ላይም በ60 የተቆለፈ ነው፤ 5090 ብትሰኩበትም እዚያው ነው።

ወደ ማሽኑ። 7050 በተለያየ መጠን ይሸጣል፣ እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። በመዳፍ የሚያዘው ትንሹ ማይክሮ ካርድ የሚሰካበት ቦታ የለውም። መካከለኛው፣ ሻጮች ኤስኤፍኤፍ የሚሉት ቀጭኑ፣ ቁመቱ ግማሽ የሆነ ካርድ ብቻ ይቀበላል፤ ፓወሩም 180 ዋት ነው። መፈለግ ያለባችሁ ታወሩን ነው፤ 240 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለው፣ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድም ይገባዋል። አይ5-7500 በስፔኩ 65 ዋት ነው፣ 1650 ደግሞ 75 ዋት። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ፋኑ ሲጨመሩ እንኳ ከ240 ዋት በታች ይቀራል።

የ1650 ዋና ጥቅሙ ይኸው 75 ዋት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በ149 ዶላር የወጣ ካርድ ሲሆን 4 ጊጋ ሜሞሪ አለው፤ ኃይሉን በሙሉ ከሚሰካበት ስሎት ይወስዳል። ግን ተጠንቀቁ፦ አንዳንድ አምራቾች ፍጥነቱን ከፍ አድርገው ባለ 6 ፒን የኃይል መሰኪያ የጨመሩባቸው 1650ዎች አሉ። የዴሉ ፓወር እንዲህ ያለ ገመድ የለውም። ከሳታ (የዲስክ ኃይል) ገመድ በአዳፕተር እየቀጠሉ የሚሸጡላችሁ ካሉ እምቢ በሉ፤ የሳታ መሰኪያ ለዚያ ጭነት አልተሠራም፣ ይቀልጣል። ፓወሩን በትልቅ ልቀይር ማለትም ቀላል አይደለም፤ ዴል የሚጠቀመው መደበኛውን ባለ 24 ፒን ሳይሆን የራሱን መሰኪያ ነው፣ መቀየሪያ ገመድ ይፈልጋል። አርኤክስ 580 የሚባለውን ካርድ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ እዚህ ሳጥን ውስጥ ለመሰካት የምታስቡም ተዉት፤ ብቻውን 185 ዋት ይበላል።

አሁን ወደ ራሙ፤ የዚህ ግምገማ ትልቁ ነጥብ እሱ ነው። የቢሮ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በአንድ 8 ጊጋ ራም ነው። አንድ ራም ማለት ፕሮሰሰሩ በአንድ ቻናል ብቻ ይሠራል ማለት ነው፤ በሁለት ራም ከሚያገኘው የመረጃ ፍሰት ግማሹን ያጣል። ውጤቱን ለማየት ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑና የፍሬም ታይም (እያንዳንዱ ምስል የቆየበት ጊዜ) መስመሩን ስክሪኑ ላይ አውጡ። ጂቲኤ 5 ውስጥ መኪና እየነዳችሁ መሀል ከተማ ስትገቡ የኤፍፒኤሱ (የፍሬም በሰከንድ) ቁጥር 70 እያለ መስመሩ በየሁለት ሦስት ሰከንዱ እንደ መርፌ ሽቅብ ሲተኮስ ታያላችሁ። እያንዳንዷ መርፌ ምስሉ ቀጥ ያለባት ቅጽበት ናት። አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው ማሽኑ ጤነኛ ነው ይላል፤ መታየት ያለበት ግን 1 ፐርሰንት ሎው የሚባለው፣ ከሁሉም የዘገዩት 1 ፐርሰንት ፍሬሞች ፍጥነት ነው። አማካይ 90 ሆኖ ሎው 30 ከሆነ ጨዋታው 30 ይመስላል። አማካይ 60፣ ሎው 52 የሆነ ማሽን ይሻላል።

ስለዚህ ከካርዱ በፊት ሁለተኛ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም ግዙ። 2400 ይበቃል፤ 3200 ብትገዙም ፕሮሰሰሩ ወደ 2400 ያወርደዋል። የላፕቶፑን አጭር ራም እንዳትገዙ፣ ታወሩ ረጅሙን ነው የሚቀበለው። መቆለፊያቸው አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለት ስሎቶች ላይ ሰክታችሁ ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ፤ ሜሞሪ የሚለው ገጽ ላይ ዱዋል (በአዲሱ እትም 2 x 64-bit) ካልታየ አንዱ ራም ቦታውን ስቷል ወይም ጥርሱ አቧራ ይዟል። ጥርሱን በእርሳስ ላጲስ በቀስታ ጠርጋችሁ መልሱት። ከዚያ የሚቀጥለው ኤስኤስዲ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የኤም ዶት 2 ስሎት አለ። ኤስኤስዲ አማካይ ፍሬም አይጨምርም፤ ካርታ ሰፊ የሆነባቸው ጌሞች ላይ ግን ከሀርድ ዲስክ ሲነበብ የሚመጣውን መንገጫገጭ ያቆማል።

ካርዱ ከተሰካ በኋላ የሞኒተሩ ገመድ ካርዱ ላይ ይግባ። ማዘርቦርዱ ላይ ከተተወ ምስል አይመጣም ወይም ጌሙ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ደካማ ግራፊክስ ይሄድና "ካርዱ አይሠራም" ተብሎ ወደ ሱቅ ይመለሳል። 1650 ቪጂኤ መውጫ የለውም። ሞኒተራችሁ ባለ ቪጂኤ አሮጌ ከሆነ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ፣ ውስጡ ቺፕ ያለው መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ ተራው ገመድ ምስል አያወጣም።

ጌሞቹ ላይ ምን ያደርጋል? ቫሎራንት ከ100 ፍሬም በላይ ያለ ችግር ይሄዳል። ዶታ 2 60 ላይ ይረጋል፤ ትልቅ ፍልሚያ ሲነሳ የሚወርደው በፕሮሰሰሩ ምክንያት ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 ከቀድሞው በጣም ይከብዳል፣ ጭስ ሲበዛ ይወርዳል፣ አይ5-7500 ላይ ካርዱን ብትቀይሩትም ያው ነው። ጂቲኤ 5 ሃይ ላይ ከ60 ያልፋል፤ ሳሩን ከአልትራ አውርዱ፣ የምስል ጠርዝ የሚያለሰልሰውን ኤምኤስኤኤን ዝጉ። ፍሬሙንም 60 ላይ ገድቡት። ይህ ፕሮሰሰር አራት ኮር በአራት ክር (ትሬድ፣ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) እንጂ በስምንት ክር አይደለም፤ ሳይገደብ ሲቀር 100 ፐርሰንት ይሞላና መርፌዎቹ ይመለሳሉ። መገደቢያው ኢንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ማክስ ፍሬም ሬት የሚለው ነው። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ሎውና ሚዲየም እየተቀላቀለ ከ40 እስከ 50 አካባቢ ይሰጣል፤ ቀስ ብሎ ለሚጫወት በቂ ነው። 4 ጊጋው ሲሞላ ፍሬሙ በድንገት ይደፋል፤ ያኔ መጀመሪያ የሚወርደው ቴክስቸር ነው፣ ጥላ አይደለም።

የማይችለውንም ቁርጡን እንናገር። ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክልና ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ የሚያሰላ የምስል ዘዴ) በሃርድዌር ይጠይቃሉ፤ እዚህ ካርድ ላይ ሴቲንግ በመቀነስ የሚገኝ መፍትሔ የለም። ሳይበርፐንክ 2077ም ካዘመኑት በኋላ ዝቅተኛው መስፈርቱ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋ ሆኗል። አዳዲስ ትልልቅ ጌሞችን በወጡ ሳምንት መጫወት የሚፈልግ ሰው ይህን ማሽን አይግዛ። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ አይ5-7500ን ጨምሮ አብዛኛው ሰባተኛ ትውልድ ኢንቴል በዊንዶውስ 11 የድጋፍ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

144 ኸርትዝ ሞኒተር የገዛችሁ አንድ ነገር አረጋግጡ። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ በ60 ነው የሚጀምረው፤ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብታችሁ ካልቀየራችሁት ለዓመታት 60 እያያችሁ 144 ገዛሁ ትላላችሁ። ሞኒተሩን በዲስፕሌይፖርት አገናኙት፤ ፍሪሲንክ (ሞኒተሩ ፍጥነቱን ከፍሬሙ ጋር የሚያስማማበት ዘዴ) ካለው 1650 በጂ-ሲንክ ኮምፓቲብል በኩል ይቀበለዋል። ያኔ ፍሬሙ ከ50 እስከ 70 ቢዋዥቅም ምስሉ አይቀደድም። በእኛ ግምት ለዚህ ማሽን ከካርድ ቅያሬ ይልቅ ይህ ሞኒተር የተሻለ ወጪ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ፋን ያንኑ ያህል እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የውጭ ገምጋሚዎች የሚጽፉት ሙቀት ላይ ጥቂት ዲግሪ ጨምሩ። የፕሮሰሰሩ ፔስትም (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ከፋብሪካው ወዲህ ያልተነካ ከሆነ ደርቋል፤ በአልኮል ጠርጉት፣ የአተር ፍሬ ያህል አዲስ አድርጉበት። ሁለተኛው መብራት ነው። ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ፓወር ሰፕላይ ይገድላል። ይህ ማሽን ትንሽ ስለሚበላ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ጨዋታውን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣል፤ ለ5090 ማሽን የሚሆነው ዩፒኤስ ግን ዋጋው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ካርዱን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ የካርዱን ማንነት የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ የሚባል ፕሮግራም አስከፍቱ። ውስጡ የድሮ ጂቲኤስ 450 ሆኖ በሶፍትዌር ስሙ የተቀየረ ካርድ በየገበያው አለ፤ ፕሮግራሙ ስሙ ፊት ፌክ ብሎ ይጽፍበታል። 1650 ከሆነ 896 ሼደር (የካርዱ ትናንሽ ማስሊያ ክፍሎች) ማሳየት አለበት። ካርዱን በጭነት የሚፈትነውን ፈርማርክን አሥር ደቂቃ አስኪዱ፤ ነጠብጣብ ወይም የቀለም መስመር ካያችሁ አትደራደሩ።

በኋላ ማሳደግ ለምትፈልጉ፣ አይ7-7700 እዚያው ቦታ ይገባል፣ ዋቱም ያው 65 ነው፣ ስምንት ክር ስላለው ካውንተር ስትራይክና ጂቲኤ ላይ መርፌዎቹን ይቀንሳል። አይ5-8500 ግን ሶኬቱ 1151 ነው ተብላችሁ እንዳትገዙ፤ ቅርጹ ይገጥማል፣ ማዘርቦርዱ አይቀበለውም። ባለ ስድስት ኮሩን 8500 የያዘው ቀጣዩ ሞዴል 7060 ነው፣ ዊንዶውስ 11ንም በይፋ ይቀበላል። ሻጩ ሁለቱንም ይዞ የዋጋው ልዩነት ከአንድ ራም ዋጋ ካልበለጠ 7050ን ትታችሁ እሱን ውሰዱ።