በኳስ ምሳሌ የሚሰጠው የአመራር ስልጠና፦ 1,500 ብሩ ያወጣል?

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ዳቦ ቤት አለኝ። የሌሊቱን ፈረቃ ለማን ላስረክብ የሚለው ነገር እንቅልፍ ሲነሳኝ ስለከረመ፣ ፒያሳ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የተሰጠውን የአንድ ቀን ስልጠና ከፍዬ ገባሁ። ማስታወቂያው በታላላቅ የእግር ኳስ አሰልጣኞች ከባድ ውሳኔዎች አማካይነት አመራርን እናስተምራለን ይላል። ክፍያው ምሳና ሻይ ጨምሮ 1,500 ብር ነው።

መምህሩ ልጅ እግር ነው፤ አፉ ይጣፍጣል፣ ኳስም ያውቃል። ችግሩ ታሪኩ ሁሉ በድል ማለቁ ነው። የማንቸስተር ዩናይትዱ አሰልጣኝ ፈርጉሰን ኮከቡን ቤካምን ሸጠ፣ አምበሉን ኪንን አሰናበተ፣ ዋንጫው ግን ቀጠለ፤ ስለዚህ ቆራጥ ሁኑ። ተከላካዩ ያፕ ስታምስ? እ.ኤ.አ. በ2001 በ29 ዓመቱ ለጣሊያኑ ላዚዮ ተሽጦ በቦታው የ35 ዓመቱ ሎራን ብላን መጣ። ዩናይትድ በዚያ ዓመት ሦስተኛ ወጣ፤ ፈርጉሰን ራሱ ኋላ ላይ መሳሳቱን ተናግሯል። እሷን ዘለላት።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የሆላንዱ አሰልጣኝ የቫን ሃል ታሪክ ነው። በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ሆላንድና ኮስታሪካ 0 ለ 0 ሆነው ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ ቫን ሃል በረኛውን ሲለሰንን አስወጥቶ ለመለያ ምት ብቻ ተጠባባቂውን በረኛ ቲም ክሩልን አስገባ። ክሩል ሁለት ምት አዳነ፣ ሆላንድ 4 ለ 3 አለፈች። አዳራሹ አጨበጨበ፣ መምህሩም ወደ ሌላ ምሳሌ ተሻገረ።

ታሪኩ የሚጀምረው እኮ እዚያ ላይ ነው! ክሩል ሊገባ እንደሚችል ቀድሞ ተነግሮታል፤ ሲለሰን ግን ሐሳቡ እንዳይበተን ተብሎ አልተነገረውም። ሰውዬው መቀየሩን ያወቀው ዓለም እያየው ነው። በግማሽ ፍጻሜው ከአርጀንቲና ጋር ደግሞ ወደ መለያ ምት ሲደረስ ቅያሬው አልቆ ስለነበር በሩ ላይ የቆመው ያው ሲለሰን ሆነ፤ 4 ለ 2 ተሸነፉ። ቢነገረው ኖሮ ያድን ነበር አልልም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የሌሊቱን ቁልፍ ከነባሩ ጋጋሪ ወስጄ ለወጣቱ ብሰጥ፣ ወጣቱ በታመመ ሌሊት ምድጃው ፊት የሚቆመው ያው ነባሩ ነው። ታዲያ ነገሩን ከማን አፍ ይስማው? ይህን እጄን አውጥቼ ጠየቅኩ። «ጥሩ ጥያቄ» ተባልኩ፣ ሌላ ምንም።

ከሻይ በፊት ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ተነሥተው «የምንያህልን ቢጫ ለምን አታነሳም?» አሉት። ስልጠናው ነፍስ የዘራው ያኔ ነው። ሰኔ 2005 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ብሔራዊ ቡድናችን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ተጫዋቹ ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ ታግዶ ሳለ በመሰለፉ ሦስቱ ነጥብ ተነጠቀ። ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው? የቡድን መሪው? የፌዴሬሽኑ? አዳራሹ ተንጫጫ። አንዷ የፋርማሲ ባለቤት «ሁሉም ያውቃል በሚባል ቤት ማንም አይመዘግብም» ስትል እኔ የዱቄት መዝገቤን አሰብኩ። ቡድኑ በኋላ ምድቡን በበላይነት ጨርሶ ለናይጄሪያው የደርሶ መልስ ጨዋታ መድረሱ ጉዳዩን አልዘጋውም፤ ክርክሩን የዘጋው ሰዓቱን ያየው መምህር ነው።

ለእውነት ስል፣ ከሰዓት በኋላ የአሰልጣኝ ራኒየሪን ጉዳይ አሳምሮ ነው የያዘው። ሌስተርን እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ያደረገ ሰው በየካቲት 2017 (እ.ኤ.አ.) ቡድኑ ከወራጅ ቀጠናው በአንድ ነጥብ ብቻ ከፍ ብሎ ሳለ ተባረረ፤ ሌስተር ተርፎ 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። መምህሩ ውጤቱን ደብቆ ግማሾቻችንን ባለቤት፣ ግማሾቻችንን ደጋፊ አድርጎ አከራከረን። ውሳኔን መጨረሻውን ሳያዩ መመዘን እንዴት እንደሚከብድ ያየሁት እዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ቢያደርገው ምን ነበረበት?

ደግሞ ጎንደር መጥቶ፣ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ባነሳው በፋሲል ከነማ አገር፣ ስለ አፄዎቹ፣ ስለ ቡድኑ ማለቴ ነው፣ አንድ ቃል አለመተንፈስ! ቅር ያላለው ሰው አልነበረም።

ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። ሠራተኛ ማስተዳደር ለጀመረና መሥሪያ ቤቱ ለሚከፍልለት ሰው ይሂድ እላለሁ፤ ከኪስ ከሆነ ግን 1,500 ብር በዝቷል። የድምፅ ማጉያው ደህና ነው፣ ሻዩም ትኩስ። ምሳው ግን በፍስክ ቀን ሽሮ ብቻ ነበር።