«ለምን?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የተዘጋጀ የድምፅ ትምህርት

የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። በማርመው የፈተና ወረቀት መካከል «የቀጭኔ አንገት የረዘመው ቅጠል ላይ ለመድረስ ነው» የሚል መልስ ጠፍቶ አያውቅም። በቀይ እስክሪብቶ እሰርዘዋለሁ። ከዚያ ክፍል እገባና «ልብ ያለው ደም ለመርጨት ነው» እላለሁ። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ኖሮ፣ በመጨረሻ ስለ ዓላማ ማብራሪያ የተዘጋጀ ስምንት ክፍል ያለው የድምፅ ትምህርት በኢንተርኔት ገዛሁ።

አጀማመሩ አሰልቺ ነው። አሪስቶትል አራት ዓይነት ምክንያቶችን ለየ፦ ቁሱ፣ ቅርጹ፣ አድራጊው፣ ግቡ። ይህን ለማስረዳት የሐውልቱ ምሳሌ (ነሐሱ፣ መልኩ፣ ቀራጩ፣ የቆመለት ዓላማ) ስንት ጊዜ ይደጋገማል! የጥርሱ ምሳሌ ግን ቀሰቀሰኝ። የፊት ጥርስ ስለታም፣ መንጋጋ ሰፊ የሆነው እንዲሁ በአጋጣሚ ቢሆንስ? የገጠመለት ተርፎ ሌላው ቢጠፋስ? አሪስቶትል ራሱ ይህን ጥያቄ አንሥቶ ውድቅ አድርጎታል፤ ዳርዊን ሊመጣ ከ2,000 ዓመት በላይ ሲቀረው።

አራተኛውን ክፍል ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ልብ ደም ይረጫል፣ ድው ድው እያለም ይመታል። ድምፁ ሐኪምን ይጠቅማል፤ ታዲያ ልብ ለድምፁ ነው የማንለው ለምንድን ነው? ፈላስፋው ላሪ ራይት እ.ኤ.አ. በ1973 የሰጠው መልስ ቀላል ነው፦ የአንድ ነገር ተግባር፣ ነገሩ እዚያ እንዲገኝ ምክንያት የሆነው ውጤቱ ነው። ልባቸው ደም የረጨላቸው ቀደምቶች ኖረው ስለተዋለዱ ልብ ዛሬም አለ። በድምፁ ግን የተረፈ የለም። እንግዲህ «ለመርጨት» ያልኩት «ስለረጨ» የሚለውን ረጅም ታሪክ አሳጥሬ ነው። የእኛው «ለምን» እኮ «ለ» እና «ምን» ነው፤ መምህሩ ግማሽ ሰዓት የፈጀበትን እኛ በአንድ ቃል ተሸክመነው እንዞራለን።

ብርሃን አጭር ጊዜ የሚወስደውን መንገድ ይመርጣል ወይ የሚለው ስድስተኛ ክፍል ደህና ነው። ቅር ያሰኘኝ የሥነ ምግባሩ ክፍል ነው፤ በ19 ደቂቃ ተገፍትሮ አለቀ። ዓይንና እጅ ሥራ ካላቸው ሰውም እንደ ሰው ሥራ አለው፣ ያን በደንብ የሠራ መልካም ሰው ነው ይልና ያልፋል። እንዴት ይታለፋል? የወባ ትንኝ ምራቅ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ተግባሩ ይህ ነው፣ በደንብም ይሠራዋል። ከዚህ ተነሥቶ መልካም ነው የሚል ማን ነው? «ነው» ከሚለው ወደ «ይገባል» መሻገሩን ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተጠራጠረው በከንቱ አልነበረም። ስሙ እንኳ አልተነሣም።

የድምፅ ጥራቱም ደካማ ነው፤ የመምህሩ ትንፋሽ በየዓረፍተ ነገሩ ይሰማል። ቢሆንም ለአራተኛው ክፍል ብቻ ድጋሚ እገዛው ነበር።

ትናንት ማታ ያ የቀጭኔ መልስ እንደገና መጣ። (አንገቱ ወንዶቹ የሚፋለሙበት ነው የሚሉም ስላሉ፣ ቅጠሉ ራሱ ገና ያከራክራል።) አልሰረዝኩትም። ከጎኑ «ማን ፈልጎ?» ብዬ ጻፍኩና ግማሽ ነጥብ ሰጠሁ።