ለልደታዋ ጠበቃ የተላከ ምስጋና

ይህን የምጽፈው እማዬ «ያቺን ልጅ በዚያ በስልክህ አመስግንልኝ» ብላ ስለጨቀጨቀችኝ ነው።

ነገሩ የኑዛዜ ነው። ቤታችን ውስጥ ቃሉ ራሱ ሟርት ነበር። መጀመሪያ ሳነሳው እማዬ «ሐኪሙ የነገራችሁ ነገር አለ እንዴ?» ብላ የንስሐ አባቷን ልትጠራ ስልክ አነሳች። አባዬ ዝም ብሎ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ።

ለነገሩ ወረቀት ነበራቸው። ከዓመታት በፊት ኮምፒውተር ቤት ያስጻፉት አንድ ገጽ። ሁለቱም ፈርመውበታል፣ ሦስት ጎረቤቶች ምስክር ሆነውበታል። በፌስታል ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ውስጥ ከቤቱ ካርታ ጋር ተቀምጧል። እኛ ልጆቹም ነገሩ ያለቀ መስሎን ተኝተናል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ያለች ጠበቃ ጠቆመኝ። ቢሮዋ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም። የእማዬን ጉልበት ስነግራት ራሷ ወርዳ ምድር ቤት ካለው ካፌ አገኘችን። ወረቀቱን አነበበች። ከዚያ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ምስክሮቹን ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛ ፈልጋ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው።

«እማማ፣ ምስክሩ ጎድሏል። ግን ቢሟላም አይጸናም፤ ሁለታችሁ በአንድ ወረቀት ነው የተናዘዛችሁት።»

ለካ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ እንዲናዘዝ አይፈቅድም። ባልና ሚስትም ቢሆኑ። እማዬ ተቆጣች። «አርባ አምስት ዓመት ከአንድ መሶብ በልተን አሁን ለየብቻ?» ጠበቃዋ አልሳቀችም። አንዱ ነገ ሐሳቡን ለመቀየር ቢፈልግ ሌላው እንዳያስረው ነው ብላ በእርጋታ አስረዳቻት። ኑዛዜ እስከ ዕለተ ሞት ድረስ ሊሻር፣ ሊለወጥ ይችላል። አባዬ ይህን ሲሰማ ነው ወንበሩን ያስጠጋው። እሱ ሲፈራ የኖረው አንዴ ከፈረመ ቤቱ ከእጁ የሚወጣ መስሎት ነው።

ያን ቀን ምንም አልጻፈችም። የቤት ሥራ ሰጥታ ላከችን። በጣም የወደድኩላት ይህን ነው። የቤቱን ካርታ፣ የመኪናውን ሊብሬ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የባንክ ደብተሮች፣ የአክሲዮን ወረቀት ካለ እሱንም። የልጆች ሙሉ ስም እስከ አያት። ማን ምን ተበድሯል፣ ማን ምን አበድሯል። እማዬ ለእህቷ ልጅ ያበደረችውን ብር ያን ጊዜ ነው የሰማነው! አባዬ ደግሞ አራት ኪሎ ያለችውን የቀበሌ ሱቅ ለታናሽ እህቴ አስቦላት ኖሯል። «አባባ፣ ሱቋ የመንግሥት ናት፤ የእርስዎ ባልሆነ ነገር ላይ አይናዘዙም» አለችው። የጋራ በሆነው ቤት ላይም እያንዳንዳቸው መናዘዝ የሚችሉት በየራሳቸው ድርሻ ላይ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን እኔን አስወጣችኝ። ወራሽ እያዳመጠ ሰው የልቡን አይናገርም አለች። ትንሽ ቅር አለኝ፣ አልዋሽም። አንዷን ማኪያቶ አንድ ሰዓት ጠጣኋት። ውስጥ የሆነውን ኋላ አባዬ ራሱ እየሳቀ ነገረን። ውጭ አገር ያለውን ወንድሜን ከውርስ ልንቀለው ብሎ ኖሯል። ስሙን መዝለል ብቻ ልጅን ከውርስ አይነቅልም፤ ምክንያቱ በግልጽ ተጽፎ፣ ነገር ከመጣ ፍርድ ቤት ምክንያቱ ያስነቅላል ወይ ብሎ ይመዝነዋል አለችው። «እና ምክንያትዎ ምንድን ነው?» «አይደውልም!» ጻፈችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችለት፤ «ስልክ ባለመደወሉ ምክንያት ከውርሴ ነቅዬዋለሁ።» አባዬ ራሱ «ሰርዢው፣ ሰርዢው» አለ። ያን ቀን ማታ ለወንድሜ ደወልኩለትና ለአባዬ እንዲደውል ነገርኩት። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም።

ሁለቱም ሰነዶች ተዘጋጅተው ውልና ማስረጃ ሄድን። በሕጉ አራት ምስክር ያስፈልጋል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ አዋዋይ ሹም ከሆነ ግን ሁለት ይበቃል። ከእድራችን ሁለት ሰዎች መጡልን፣ ከውርሱ የሚነካቸው ነገር የለም። ኑዛዜው ለተናዛዡና ለምስክሮቹ ተነቦ እዚያው መፈረም አለበት። መነበቡ ራሱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። በዚህች በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጉድለት የወደቀ ኑዛዜ ብዙ ነው አለችን። ቤት ተቀምጦ በእጁ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ካለም ይስማ። ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን የሚናገር፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። ያም ሆኖ በሰባት ዓመት ውስጥ አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።

ክፍያዋን ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ነው የሰጠችን፤ በኋላ «ይህችን ጨምሩ» የለም። ጉድለቷ ስልክ ቶሎ አታነሳም። ሁለት ቀን ጠብቄያለሁ፣ ተናድጄም ነበር።

ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቁጥሯን እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ችሎት ትውላለች፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደውሉ። ደረጃ የማይወጣ ሰው ካላችሁ ቀድማችሁ ንገሯት፣ ካፌው ትወርዳለች።