የሚስተካከል ቫልቭ ወይስ ቋሚ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለች ጎረቤቴ «የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ። ሕፃኗ ሀይድሮሴፋለስ አለበት። ጭንቅላቱ ውስጥ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ሆድ የሚያወርድ ቱቦ፣ ሸንት፣ ሊገባለት ነው። ጥያቄው ፈሳሹ በምን ግፊት እንደሚወርድ ስለሚቆጣጠረው የቱቦው ክፍል፣ ስለ ቫልቩ ነው።

በሚስተካከለው ሐኪሙ ከቆዳ በላይ ማግኔት ይዞ ግፊቱን ይቀይራል። ቀዶ ሕክምና የለም። ጣጣው ግን እዚሁ ላይ ነው፤ የሐኪሙን ማግኔት የሚሰማ ቫልቭ የቤታችንንም ይሰማል። ስልክ፣ የታብሌት ሽፋን፣ የጆሮ ማዳመጫ ማግኔት ስላላቸው በጣም ከተጠጉት የግፊት ልኩን ሊያዛቡ ይችላሉ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ አርቁ ይላል። ቀላል ይመስላል። ልጅ አቅፎ ስልክ የማያወራ ግን ማን አለ? በኃይለኛ ማግኔት ከሚሠራው የኤምአርአይ ምርመራ በኋላም ልኩ መታየት አለበት። አንዳንድ አዳዲሶቹ መቆለፊያ አላቸው፤ ማግኔትን የተሻለ ይቋቋማሉ።

ቋሚው ማግኔት አያዛባውም። ዋጋውም ይቀንሳል። ልኩ ካልተስማማ ግን መቀየሪያው ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው።

ውሳኔው የሐኪሟ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ወደ ቋሚው አደላለሁ፤ ለልክ ፍተሻ ከቱሉ ዲምቱ መሀል ከተማ መመላለስ ቀልድ አይደለም። ትውከትና ድብታ ከመጣ ግን የቱም ቫልቭ ይሁን፣ በሩጫ ሆስፒታል ነው።